ባርኔጣ የሚወልቅለት ሽቦ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው አውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የከፍተኛ ኃይል የኤሌክትሪክ መስመሩ መንገዱን ባቋረጠ ቁጥር ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለም ሰው ጎንበስ ይላሉ። ኮታቸው አሮጌ ቢሆንም ንጹሕ ነው። የደረት ኪሳቸውን ደጋግመው ይዳብሳሉ፤ ባዶ የክኒን ካርቶን ከውስጡ ብቅ ብሏል።

ፍርሃት መሰለኝ።

«አባቴ፣ ሽቦው ይጎዳል ብለው ነው?»

«እሱን እንጃ፣ ልጄ። ቤታችን ከሥሩ ነው፤ ጭጋግ ሲሆን እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል። ባለቤቴን ራሷን ሲፈልጣት ሽቦው ነው ብዬ ጤና ጣቢያ ወስጃት ሽቦውን ከሰስኩት። ነርሷ አልሳቀችብኝም። ‹ሽቦ ራስ ማሳመሙ አልተረጋገጠም፤ እስቲ ለማንኛውም ግፊታቸውን ልለካቸው› አለች። ለካስ ደም ግፊቱ ሊገድላት ደርሶ ኖሯል። ይኸው በክኒን አራት ዓመቷ፤ እሱ ይመስገን። ዛሬም ክኒኗን ላመጣ ነው።»

«ታዲያ ሽቦው ምን አደረገና እጅ ይነሱታል?»

«ለራስ ምታት ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል? እሱን ባልፈራው መች እወስዳት ነበር?»

ባርኔጣቸውን መልሰው አላደረጉም። ከፊታችን ሌላ የብረት ምሰሶ ብቅ ብሎ ነበር።