የፋዲላ ምራቅ ምን ተናገረ

ፋዲላ አዳማ ገበያ ውስጥ ሻርፕ ትሸጣለች። ዋጋ የምትከራከራትን ደንበኛ "ተይው፣ ይኼ ቀለም የሚሆነው ለቆንጆ ነው" ብላ እልህ ታስገባና ሁለት አሸክማ ትሸኛት ነበር። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ግን ዝም አለች። ሱቋን ከፍታ መንገድ መንገዱን እያየች ትውላለች፤ ሰው ሲያናግራት ከሩቅ የሚጠራት ይመስላታል።

የአእምሮ ሐኪሟ ዶክተር ልዩ የድብርት መድኃኒት አዘዘችላት። ወራት አለፉ፣ ለውጥ የለም። መጠኑ ተጨመረ፣ አሁንም የለም። እናቷ እትዬ ቶይባ፣ ልጅቷ ክኒኑን ደብቃ እየተፋች ነው ብለው ደመደሙ። በየማታው ፊቷ ቆመው "አፍሽን ክፈቺ፤ ምላስሽንም አንሺ" ይሏታል። ፋዲላም ለመከራከር አቅም ስለሌላት ትከፍታለች።

በቀጠሮዋ ቀን ዶክተር ልዩ፣ "እንደምትውጪው አምንሻለሁ። ሰውነትሽ ምን እንደሚያደርገው ግን አናውቅም። የዘረመል ምርመራ እናድርግ፣ ምራቅሽ ይበቃል" አለቻት። ምራቋ በትንሽ ብልቃጥ ታሽጎ ወደ ውጭ አገር ተላከ።

ይህን ለእናቷ ስትነግራቸው የእትዬ ቶይባ ጆሮ የያዘው "ዘር" የሚለውን ብቻ ነበር።

"ዘርሽን ምን ሊያደርጉት ነው?"

"ሊያዩት ነዋ።"

"እስከ ማን ድረስ?"

እትዬ ቶይባ አባታቸው የወሎ ታላቅ ሼህ እንደነበሩ ለሰፈሩ ሁሉ ሲናገሩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ሰርግ ቤት የክብር ቦታ የሚሰጣቸውም ለዚሁ ነው። ፋዲላ ፊታቸው ሲለዋወጥ አየች። ከሞተ የቆየ ተንኮሏም ነፍስ ዘራ።

"እስከ ቅድመ አያት ነው አሉ። ሥራቸውን ሳይቀር ያወጣል።"

እትዬ ቶይባ እህል አልወርድ አላቸው። የአፍ ፍተሻውንም ረሱት። በመጨረሻ በሩን ዘግተው ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ።

"ከባዕድ ከምትሰሚው እኔ ልንገርሽ። አባቴ ሼህ አልነበረም። ሻሸመኔ ጋሪ ይነዳ ነበር።"

"ወሎስ?"

"አንዴ ሄዷል። ፈረስ ሊገዛ።"

"ገዛ?"

"አልገዛም።"

ፋዲላ ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀብራ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከሞጆ ጭነት አድርሶ የገባው ባሏ ደሊል የምታለቅስ መስሎት በሩን በርግዶ ገባ። ሳቅ መሆኑን ሲያይ እዚያው ቆሞ ቀረ።

ውጤቱ ሲመጣ እናትና ልጅ አብረው ሄዱ። "ጉበትሽ ይህን መድኃኒት ከብዙ ሰው ይልቅ ቶሎ ይሰባብረዋል" አለች ዶክተር ልዩ። "ሥራውን ሳይጀምር ያልቃል። ሌላ እንሞክራለን። ምርመራው የሚያድንሽን አይነግረንም፣ የማይሆንሽን ግን ጠቁሞናል።"

እትዬ ቶይባ አንገታቸውን አሰገጉ። "ስለ አያቷስ ምን ይላል?"

"ስለ አያት ምንም አይልም፣ እትዬ።"

የሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ሲደርሱ እናትየው ክንዷን ያዙ። ከዚያ "እንግዲያው የነገርኩሽን መልሺልኝ" አሉ።

"ዋጥኩት እኮ፣ እማ። ካላመንሽ አፌን ልክፈትልሽ።"

አዲሱ መድኃኒት መጀመሪያ አቅለሸለሻት፤ እየዋለ እያደረ ግን እንቅልፏ ተስተካከለ፣ ገበያውም ድምፁ ቀረባት። አንዳንድ ቀን አሁንም ይከብዳታል። ያን ቀን ሱቁን ትዘጋና ሕፃኑን ታቅፋ የደሊል አይሱዙ ላይ ትወጣለች። ባቱ ወርደው ሐይቁ ዳር አሳ ይበላሉ። እሱ ስለ መንገዱ ያወራል፣ እሷ እሾሁን እየለቀመች ትሰማዋለች።