የሸቤው ማይክ

«ዛሬም ማይኩ ከጮኸ ሌላ ሥራ ፈልጊ» አለኝ የድምፅ ማጉያው ባለቤት፣ ሸቤ ከተማ አንድ ሠርግ ላይ።

እኛ አገር ሠርግ ላይ መምጣት ያልቻለ ዘመድ በስልክ ይመርቃል፤ ስልኩን ማይኩ ላይ ይለጥፉታል። ያኔ ማይኩ «ጥርርር» ይላል፣ የምሰደበው እኔ ነኝ። የስልኩ ሞገድ ነው ብዬ ብነግረውም ባለቤቱ አልሰማኝም። ስለዚህ ጠዋት ብቻዬን ማይኩን ፈትቼ ድምፅ መቀበያው ላይ የስልክ ሞገድ የሚያስቀር ትንሽ ካፓሲተር በየድኩ።

የታመሙት የሙሽራዋ አያት ከጅማ ደወሉ። «አላህ ይባርካችሁ፣ ውለዱ፣ ክበዱ» ሲሉ «ጥርርር» የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ሁሉ «አሚን» አለ። ብቻዬን ስለሠራሁት ዞር ብዬ «ሰማህ?» የምለው ሰው አጣሁ።

«ዛሬ ማይክህ ጥሩ ነው» አሉት የሙሽራዋ አባት።

«አዲስ ገዝቼ ነው፣ አባ» አለ ባለቤቱ፣ እያየሁት።

መበየጃዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ሌላ ሥራ ልፈልግ የጅማ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።