ነነዌን የጾመው ውሻዬ

ጉምሩክ ጸሐፊ በነበርኩበት ዘመን ድሬዳዋ ወርደህ ሁለት ወር ሥራ ተባልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ስንቁ ያስብ ነበር፤ እኔ ያሰብኩት ስለ ውሻዬ ነው። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ እሪ በከንቱ በተከራየኋት አንዲት ክፍል የምንኖረው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ያን ጊዜ ደግሞ ጀምበር ከጠለቀች አራዳ የጅብ ነው። ቀን በየጥጉ ተጋድመው ከምናያቸው የሰፈር ውሾች በነጋታው አንዱ ይጎድላል። የእኔው እስከዚያ ድረስ በሕይወት የቆየው ሲመሽ ስጠራው ገብቶ ከመደቤ ሥር ስለሚተኛ ነበር። እኔ ከሌለሁ ማን ጠርቶ ያስገባዋል? ጭንቀቴ ይኸው ነበር።

የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ለውሻ ማደሪያ እንደምፈልግ ሲሰሙ፣ "እኛም ገና አላገኘንም፤ ከተረፈ ንገረን" ብለው ተሳለቁብኝ።

ከጊዮርጊስ ጀርባ እናቴን የሚያውቁ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ እማማ እላቸዋለሁ። አጥራቸው ረጅም ነው፣ በራቸውም ጠንካራ። ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ። ግን አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ።

"ሁዳዴ መግባቱ ነው፤ በእኔ ቤት ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ አይገዛም። እኔ የምበላውን ሽሮ ከበላ ይምጣ" አሉ።

ውሻዬ በአጥንት ያደገ ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግን ነነዌ ስለሚጾም መላው ታየኝ። በዮናስ ዘመን የነነዌ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ እንስሶቻቸውም ጾመዋል፤ ዳዊት የደገምኩ ሰው ነኝና ማስረጃ አላጣም። በሦስቱ ቀን ጾም ላለማምደው ወሰንኩ። ለማንኛውም ብዬ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው።

"አባቴ፣ ውሻ ነነዌን ቢጾም ነውር አለው?"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "የውሻውስ ይደርሳል። አንተ ያለፈውን ሁዳዴ ጾመሃል?"

ወሬ ቀየርኩ።

የመጀመሪያው ቀን የሽሮ ፍትፍት አቀረብኩለት። አሸተተና ቀና ብሎ አየኝ። አርአያ ልሁነው ብዬ መሬት ላይ ከጎኑ ተቀምጬ ያንኑ ፍትፍት እያጣጣምኩ በላሁ፤ "ጣት ያስቆረጥማል" አልኩት። አላመነኝም። በሁለተኛው ቀን የግራ ጫማዬን በላ። ቆዳ ነውና ጾሙን ገደፈ ልበል አልበል ተቸገርኩ። በሦስተኛው ቀን ፍትፍቱን ላሰው፤ ልጁ ዳዊት የደገመለት አባት የሆንኩ ያህል ኮራሁ።

ከዚያ ደግሞ ግቢውን እንዲለምድ ከሥራ ስወጣ እማማ ዘንድ እየወሰድኩ እተወዋለሁ። ትቼው ግን አልሄድም። በአጥሩ ዙሪያ እየዞርኩ በቀዳዳ አያለሁ፤ ገባ? አልገባም? አንድ ጎረቤት የባልቴት ቤት የሚሰልል ሌባ መስዬው ዱላ ይዞ ወጣ። ውሻዬን እያየሁ ነው ስለው ዱላውን ዝቅ አደረገና ከሌባም የባሰ ነገር እንዳገኘ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ገባ።

በመጨረሻም ውሻው እንዴት እንደሚያዝ በቁም ጽሕፈት፣ ለሹም እንደሚቀርብ ማመልከቻ አሳምሬ ጻፍኩ። አንደኛ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ይግባ። ሁለተኛ፣ ሲጠራ በቁጣ አይሁን። እያለ እስከ አሥራ አንድ ይሄዳል። እማማ ማንበብ እንደማይችሉ ትዝ ያለኝ ወረቀቱን ከሰጠኋቸው በኋላ ነው። አጣጥፈው ከትራሳቸው ሥር አኖሩልኝ። አሮጌ ጋቢዬንም ይተኛበት ብዬ ትቼለት በባቡር ሄድኩ።

ድሬዳዋ ውሻዬ ሽሮውን በላ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ፣ እኔ ራሴ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሆቴል ገብቼ ጥብስ አዘዝኩ። መንገደኛ አይጾምም ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአንድ ወንበር ሳልነሳ የሠራሁት መንገደኛ።

ከፋሲካ በኋላ ስመለስ ውሻዬ ከእማማ በር ተወርውሮ ደረቴ ላይ ወጣ። ወፍሯል! በሽሮ ነው የወፈረው ብዬ በየደረስኩበት አወራሁ፤ ሦስት ቀን እንዴት አድርጌ እንዳሠለጠንኩት ለማይጠይቀኝ ሰው ሁሉ አስረዳሁ። ያ ባለ ዱላ ጎረቤት እስኪበቃኝ ካዳመጠኝ በኋላ ነገሩን ነገረኝ።

"እማማን የማርያም ማኅበርተኞቻቸው አግልለዋቸዋል" አለኝ። "በሁዳዴ በየቀኑ፣ ለፈረንጆች ሥጋ ከሚሸጠው ግሪክ ሉካንዳ በነጠላቸው ተሸፋፍነው ሲወጡ ታይተዋል። ጾም ገድፈዋል ነው የሚባለው።"

በሩጫ ሄድኩ። እማማ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ።

"በሄድክ በሦስተኛው ቀን እህል አልቀምስም አለ" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "ሲመሽ ብጠራው ከአጥር ውጭ ተጋድሞ አንተ የሄድክበትን መንገድ ያያል። ጅቡ ደግሞ እየቀረበ ነው። አጥንት ባሳየው ገባ። በማግሥቱም ያለ አጥንት አልገባ አለኝ። ምን ላድርግ ልጄ? አደራህን ላስበላው?"

"ታዲያ ለውሻ ነው አይሏቸውም እማማ?"

"ብያለሁ። ያንቺ ያልሆነ ውሻ በሁዳዴ ሉካንዳ ያስኬድሻል ወይ ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው፤ እንዳንተ ያለ ሰው መኖሩን በምን ይወቁ?"

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የማርያም ዕለት ማኅበርተኞቹ ወደ ተሰበሰቡበት ቤት ውሻዬን አስከትዬ፣ ወረቀቴን ከእማማ ትራስ ሥር አውጥቼ ይዤ ሄድኩ። የነነዌውን ጾም፣ የበላውን ጫማ፣ በአጥር ቀዳዳ ማየቴን ሁሉ ዘረዘርኩ። ከዚያ ትእዛዞቼን ከአንደኛው ጀምሬ አነበብኩ። ሰባተኛው፣ "ሲከፋው ጆሮውን ማሸት" ላይ ስደርስ ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ አለቃ ጽዋውን እንዳይደፋ በሁለት እጁ ያዘ። ሁሉም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ወዲያው ሰው ልከው እማማን አስጠሯቸው፤ አንዷ ብድግ ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች፣ ሌሎቹም ተከተሏት።

ጽዋውን ሊባርኩ የመጡት የንስሐ አባቴም እዚያው ነበሩ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ።

"እሳቸው ጾመዋል" አሉ። "ውሻውም ነነዌን ሞክሯል። አንተስ ሁዳዴን?"

ማኅበርተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እማማ እንኳ ዞረው አዩኝ።

"ድሬዳዋ በጣም ይሞቃል፣ አባቴ" አልኩ።

እማማን ወደ ቀድሞ ቦታቸው፣ ከላይ አስቀመጧቸውና ጽዋውን ለእሳቸው አስቀደሙ። እኔ ግን ማንም ሳያዘኝ ሄጄ ደጃፉ ላይ፣ ከውሻዬ ጎን ተቀመጥኩ።