በቂም የተቀለቡ ዘንባባዎች

አክስቴ ዘንባባ አትወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው መንገደኛው ሁሉ በራችን ላይ ቆሞ «እንዴት ያለች ዛፍ ወዳጅ ሴት ናት» ሲል መስማት ስለሰለቸኝ ነው። ዘንባባ ለእሷ ጥላው የማያስጠልል፣ አቧራ ሲጠጣ የሚውል ዛፍ ነው። ከበራችን ግራና ቀኝ የቆሙትን ሁለቱን ግን እሷ እንደቀለበቻቸው በሰፈሩ ውስጥ ማንም ሰው የገዛ ልጁን አልቀለበም። የቀለበቻቸው አባቴን ለመበቀል ነው።

አባቴ ታናሽ ወንድሟ ነው። በልጅነቱ አዝላዋለች፤ ከፍ ሲልም ልብስ እየሰፋች አስተምራዋለች። እሱም እስካሁን «እትዬ» ነው የሚላት። አያቴ አልጋ ላይ በዋለች ጊዜ አገላብጣ ያስታመመቻት አክስቴ ናት፤ አባቴ በሩቅ «እንዴት አደረች?» ከማለት አላለፈም። በመጨረሻው ቀን ግን ቤቱን በስሙ ለማዞር የሚያስፈርም ሰው ይዞ መጣና የአያቴን ክፍል ከውስጥ ቆለፈው። አክስቴን በበሩ ስንጥቅ «ሐኪሙ ሰው አይግባ ብሏል፣ ተኝታለች» አላት። በሩ ሲከፈት አያቴ አልፋ ነበር። ትልቁ ቤት የአባቴ ሆነ፤ አክስቴ የስፌት መኪናዋን ይዛ ከጓሮ ወዳለችው ሰርቪስ ክፍል ገባች።

አልከሰሰችውም። በሰው በኩል ዕርቅ ሲልክባት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሰፈሩ መርፌ የሚላት በሙያዋ ብቻ አይደለም፤ ዝም ብላ መውጋት ስለምትችልበት ነው። ቂም ሰውን ያከሳል ሲሉ እሰማለሁ። አክስቴን አወፈራት። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ፣ አባቴ አንድ ነገር አጥብቆ የሚፈልግበትን ቀን እየጠበቀች ስትሰፋ ኖረች።

የፈለገው ነገር ሱቅ ነበር። በመንገዱ ፊት ለፊት ተርታ ሱቆች ሊሠራ አሰበ፤ ዘንባባዎቹ ደግሞ መሠረቱ የሚቆፈርበት ቦታ ላይ ቆመዋል። ማዘጋጃ ቤቱ በመንገድ ዳር ያለ ሕይወት ያለው ዛፍ እንዲቆረጥ አይፈቅድም፤ የደረቀ ከሆነ ግን ይፈቅዳል። አባቴ ሞኝ አይደለም። መጥረቢያ አላነሳም፤ ማዳበሪያ ገዛ።

የገዛው የሣር ማዳበሪያ ነው። በጣሳ እየዘገነ ግንዳቸው ሥር ከመረው። ጎረቤቱ ሁሉ «የእናቱን ዛፎች እንዴት ይንከባከባል» አለ። መጀመሪያ እውነትም ለመለሙ። ቆይተው ግን የታችኞቹ ቅጠሎች ብርቱካናማ ነጥብ አወጡ፣ ቢጫ ሆኑ፣ ጫፋቸው እሳት እንደነካው ጨርቅ ተኮማተረ። አባቴም ለማሳመር በሚመስል ሁኔታ መሰላል ላይ ወጥቶ ቢጫውን ሁሉ ይመለምላል። አንድ ቀን በር ላይ ለግንበኛው «አይዞህ፣ እነዚህ ሲደርቁ እደውልልሃለሁ» ሲል ሰማሁት።

ሄጄ ለአክስቴ ነገርኳት። የአባቴ ልጅ ሆኜ እሱን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ አልጸጸትም። አያቴን እኔም እወዳት ነበር።

አክስቴ የስፌት መኪናውን እግሯን አንስታ አቆመችው። ከዚያ ሳቀች። አያቴ ከሞተች ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

«ታዲያ አይደርቁማ» አለች።

በማግስቱ የታመመ ቅጠልና አባቴ የጣለውን ባዶ ከረጢት በዘንቢል ይዛ፣ እኔን አስከትላ ችግኝ ሻጩ ዘንድ ሄደች። ሰውየው ከረጢቱን አገላብጦ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«እናቴ፣ ይሄ ናይትሮጅኑ የበዛ ነው። ለሣር ጥሩ ነው። ዘንባባን ግን እድገቱን ያስሮጠውና ፖታሲየም ያስጨርሰዋል። ያን ጊዜ ከአሮጌው ቅጠል እየወሰደ ለአዲሱ ይሰጣል። ቢጫውን ደግሞ አይቁረጡበት፤ ከዚያ ላይ ነው የሚበላው።»

«የሚቆርጠው እኔ አይደለሁም» አለች አክስቴ። «ይሄን በልቶ እንዳይሞት ምን ልስጠው?»

«ፖታሲየሙ ከናይትሮጅኑ የማያንስ፣ ማግኒዚየምና ማንጋኒዝ ያለበት፣ ቀስ እያለ የሚሟሟ። ፎስፈረሱ ትንሽ ይሁን። ግንዱ ላይ አይከምሩት፣ ቅጠሉ ጥላውን እስከጣለበት ድረስ ይበትኑትና ውሃ ያጠጡት። አሮጌው ቅጠል አይመለስም፤ አዲሱን ይጠብቁ። ደግሞ ዘንባባ እንደ ሌላው ዛፍ ከጎኑ አያቆጠቁጥም፤ ጫፉ ላይ ያለው ቡቃያ ከሞተ አለቀለት።»

«አንድ ልብ ነው ያለው ማለት ነው?»

«አንድ ብቻ።»

«ገባኝ» አለች።

ሁለት ዓይነት ገዝታ ተመለሰች፤ የቱ እንደሚሻል በሰው ቃል ብቻ አታምንም። አያቴ የተወቻቸው ማሰሮ ውስጥ የበቀሉ ትንንሽ ዘንባባዎች ሰርቪሱ ደጃፍ ላይ ነበሩ፤ በእነሱ ሞከረችው። አንደኛው በተበተነበት ቀን ወዲያው የሚሟሟ ነበርና የማሰሮውን አፈር ነጭ ጨው አስመሰለው፤ ዘንባባዋም ቡናማ ሆና ሞተች። አላዘነችላትም። ሌሎቹን ውሃው ከታች እስኪፈስ ደጋግማ አጠበቻቸውና በዝግታ የሚሟሟውን ክብ ክቡን ፍሬ በጥቂቱ ሰጠቻቸው። እነሱ አማረባቸው። «እንግዲህ ማዳበሪያችንን አገኘን» አለችኝ፣ ለሙሽራ ልብስ ጨርቅ የመረጠች ይመስል።

ከዚያ ጦርነቱ ተጀመረ። አባቴ ሥራ ሲሄድ እሷ ትወጣለች። የከመረውን በመጥረጊያ ትሰበስባለች፣ በጎማ ቱቦ አፈሩን ታጥባለች፣ አፈሩ ሲጠነፍፍ በልብስ መለኪያ ሜትሯ ከግንዱ እስከ ቅጠሉ ጥላ ለክታ የራሷን ትበትናለች። አባቴ ሲመለስ ምን ይበል? ተንከባካቢ ነኝ ብሎ ያወራው ራሱ ነው። «እትዬ፣ ምን አደከመሽ፣ እኔ እኮ አጠጣቸዋለሁ» ይላታል በሰው ፊት። «አንተ ሥራ ይበዛብሃል፣ የኔ ጌታ» ትለዋለች። ሁለቱም ፈገግ ይላሉ። እኔ ነኝ መሃላቸው ቆሜ የሚያልበኝ።

ከመሰላሉ ግን ልታስወርደው አልቻለችም፤ ቢጫውን ሁሉ መለመለው። ዘንባባዎቹ ተራቁተው፣ ጫፋቸው ላይ ጥቂት ቅጠል ብቻ ቀርቶ የተነጨ ዶሮ መሰሉ። አባቴም የማዘጋጃ ቤቱን ሰው ጠራ። አክስቴ ያን ቀን ስፌቷን ትታ በሩ ላይ ቆመች። ሰውየው ግንዱን አንኳኳ፣ አንገቱን ወደ ላይ ሰቀለ።

«አዲስ ቅጠል እያወጣ ነው» አለ። «ያውም ሁለቱም። ሕይወት አላቸው፤ አይቆረጡም።»

አባቴ ሰውየውን እስከ መኪናው ድረስ እየለመነ ሸኘው። አክስቴ እጄን ጨምቃ «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» አለችኝ። ጭካኔ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዘንባባዎቹ በየዓመቱ እየደረቡ ወፈሩ። የአባቴ የሱቅ ፕላን ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ለበሰ። እሱም ጸጉሩ ሸበተ፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ደም ግፊቱ ጣለውና ግማሽ ጎኑን ያዘው። እናቴ ቀድማ ሞታለች፤ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሐኪሞቹ «በደንብ ከተያዘ ይኖራል» ብለው ወደ ቤት መለሱልኝ።

አክስቴ ዕቃዋን በጠረጴዛ ልብስ ጠቅልላ ወደ ትልቁ ቤት ገባች። ታረቁ ብዬ አለቀስኩ። እሷ ግን አልጋውን ስትገፋ አገኘኋት፤ ከመስኮቱ ሥር፣ ዘንባባዎቹ ፊት ለፊት አስጠጋችው።

«ሞቶ ሊያመልጠኝ ነው?» አለችኝ። «ይኑርልኝ። ያያቸዋል።»

አክስቴ ከያዘችው ሰው አይሞትም። ጨው የሌለው ምግብ አበሰለች፣ ጀርባው እንዳይቆስል በየጊዜው አገላበጠችው፣ መድኃኒቱን ጥርሱን ፈልቅቃ አስዋጠችው። አባቴ አዲስ ቅጠል ሲወጣ እንዳያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ ወጥታ ማሰሮ ላይ ካሉት ዘንባባዎች ትልቁን ተሸክማ መጣችና በግድግዳው በኩል አቆመችለት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሾርባ ስታጠጣው በደህናው እጁ እጇን ያዘ። ምላሱ እየተሳሰረ፣ «እትዬ፣ ሱቁንም ተውኩት። ምን አድርጌሽ ነው እንዲህ የምትቀጪኝ? ለቤቱ ነው?» አላት።

ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠች።

«በሩ ላይ ነበርኩ» አለች። «ያን ቀን ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቆሜ ነበር። እማዬ ስትጠራኝ ሰምቻለሁ። ደጋግማ ጠራችኝ። ‹ደንበኛ ዘንድ ሄዳለች፣ አልመጣም ብላለች› ስትላትም ሰምቼሃለሁ። በሩን ብደበድበው ትደነግጥብኛለች ብዬ ፈራሁ። ደህና ሁኚ ሳልላት፣ እንቢ እንዳልኳት እያሰበች ሞተች።»

 አባቴ እጇን ለቀቀ። ከዚያ ማንም ሳያግዘው፣ በደህናው ክንዱ አልጋውን እየገፋ ወደ መስኮቱ ዞረና ዘንባባዎቹን እያየ ማልቀስ ጀመረ።

አክስቴ ሳህኑን ይዛ ወጣች። ወጥ ቤት ድረስ ተከተልኳት። እኔም እያለቀስኩ ነበር።

«አሁንስ በቃሽ?» አልኳት።

«አልበቃኝም» አለች፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ውሃ አሙቂልኝ፤ ገላውን ላጥበው።»