ኤሌክትሮኑና የሆቴሉ አንሶላ

የቤተ ሙከራው ሰዎች «አትንኩ» ይሏታል። ማንም በሩን ገፋ ሲያደርግ ከሰላምታዋ በፊት የሚሰማው ይኸው ቃል ነው። ምን ታድርግ፤ ጠረጴዛዋ ላይ የተደረደሩት መስታወቶች እጅ ቀርቶ ማስነጠስም አይወዱም።

ያደገችው አባቷ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ገና አፍ እንደፈታች፣ የሕፃን ፊት ጉም መስሎ የወጣበት ፎቶ ባየች ቁጥር «ይሄ ምን ሆነ?» ትላለች። አባቷም «ካሜራዬን ቀደመው» ይላታል። እሷ ግን የሚቀድም ነገር ሁሉ እልህ ያስይዛት ነበር። ተማረች፣ አርባዎቹን አጋመሰች፣ በመጨረሻም ማንም ካሜራ ከማይደርስበት፣ ከኤሌክትሮን ጋር ተፋጠጠች።

መሣሪያዋ ሌዘር ነው። የምትጠቀምበት ብልጭታ ከማጠሩ የተነሳ፣ በርቶ እስኪጠፋ ብርሃን ራሱ የአንዲት ፀጉር ውፍረት አቋርጦ አይጨርስም። አንዱን ብልጭታ ብረት ላይ አሳርፋ ኤሌክትሮን ታስፈነጥራለች፤ ሌላውን ጥቂት አዘግይታ ትልክና ኤሌክትሮኑ ምን ላይ እንደደረሰ ትጠይቃለች። የምታዘገየው በመስታወት ነው፤ መስታወቱን ከፀጉር ውፍረት ባነሰ መጠን ወደኋላ ስትስበው ብርሃኑ ትንሽ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል። መስታወቱ ከተንቀጠቀጠ ግን ልፋቷን ሁሉ ውኃ በላው።

ይንቀጠቀጥም ጀመር። ማለዳ ኮምፒውተሩ ላይ ደህና የነበረው ሥዕል ረፋዱ ላይ ይዝረከረካል። ማቀዝቀዣውን ጠረጠረች፣ አሳንሰሩን ጠረጠረች፣ የባልደረቦቿን ጫማ ሳይቀር ጠረጠረች። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጣ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ደገፍ ስትል መዳፏ ስር የሆነ ነገር ተርገፈገፈ። መዳፏን ከግድግዳው ሳታነሳ እየተከተለች ደረጃውን ወረደች፣ በጓሮ በር ወጣች፣ ከጎረቤት ሆቴል ምድር ቤት ገባች። እንፋሎትና የሳሙና ሽታ ተቀበላት። መሀል ላይ አንሶላ የሚጨምቅ ትልቅ ማሽን ያገሳል።

እጅጌያቸውን የጠቀለሉ ደንዳና ሴትዮ፣ የላውንደሪው ኃላፊ፣ ብቅ አሉ።

«ምን ጠፋሽ ልጄ?»

«ምንም አልጠፋኝም እትዬ። ከግድግዳው ወዲያ ነው የምሠራው። ማሽንዎ ሲጨምቅ ይነቀንቀኛል።»

«አንቺን?»

«መስታወቴን። ኤሌክትሮን እያየሁ ነበር።»

ሴትዮዋ ማሽኑን አጠፉና ቅርጫት ገልብጠው ተቀመጡ። «ምን ያህላል እሱ?»

«እንዲህ ያህላል የሚባል መጠን እንኳ የለውም።»

«ታዲያ እንዴት ታይዋለሽ?»

«እሱን አላይም፣ ዱካውን ነው።»

«እና ዱካውን የኔ አንሶላ አጠፋብሽ!» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ። «እንግዳ በእርጥብ አንሶላ አላስተኛም። ከእንግዲህ ማለዳ የተጨመቀውን ረፋዱ ላይ እንተኩሳለን፣ የቀረውን ከምሳ በኋላ እንጨምቃለን፤ ረፋዱ ያንቺ ነው። ግን ያን ጉደኛ ስትይዢው ሳታሳዪኝ እንዳትቀሪ።»

ማታ ራት ላይ ነገሩን ለአባቷ አጫወተችው። ሽማግሌው ጉርሻውን አላምጦ እስኪውጥ አሰበና፣

«እኔ ብሆን ዝም ብለህ ቁጭ በል እለው ነበር» አላት።

«ቁጭ አይልማ አባባ።»

«እንግዲያው የኔ ደንበኛ አይደለም፣ ያንቺው ነው» ብሎ ሳህኑን ገፋ አደረገ። ደስ ብሎታል።

ሴትዮዋ ቃላቸውን ጠበቁ። ሰነባብቶ አንድ ረፋድ፣ ወዲያ ማዶ አንሶላ ሲተኮስ፣ ወዲህ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት የሚዋዥቁ መስመሮች ጥርት ብለው ወጡ። አፏን በእጇ ይዛ ሙከራውን ደገመችው። እንደገና ያው። የቤተ ሙከራ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ጓሮው በር ሮጠች።

ሴትዮዋ እጃቸውን በሽርጣቸው እያደራረቁ መጡ። ቤተ ሙከራው ሲደርሱ ሁለቱንም እጆቻቸውን ከኋላቸው አቆላልፈው አጎነበሱ።

«ይሄ ነው?»

«አዎ እትዬ። ይሄኛው መስመር ቶሎ የወጡት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ያኛው ከብረቱ ውስጥ ትንሽ ተጎትተው የመጡት። ያንን መዘግየታቸውን ነው የለካነው።»

«ለምን ዘገዩ?»

እውነተኛው ጥያቄ ይሄ ነበር። «ገና አላወቅንም» አለች፤ ስትለውም ፊቷ በራ። «ካወቅን በስልካችን ውስጥም ሆነ በሌላው ዕቃ ኤሌክትሮን እንዴት እንደሚመላለስ ይገባናል።»

«ሳታውቂውም ደስ ብሎሻል እንዴ?»

«በጣም!»

ሴትዮዋ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓትና የሥዕሉን ቅጂ አስወጥተው ይዘው ሄዱ። ላውንደሪው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። የሚጠይቃቸው አዲስ ሠራተኛ ካለ «የጎረቤቴ ሥራ ነው፤ ግማሹ የኔ» ይሉታል። ሁለቱ ሴቶች አሁን ፀሐያማ በሆነ ቀን ምሳቸውን ጓሮው ደረጃ ላይ ይበላሉ፤ የሚበዛው ወሬያቸው ስለ ሴትዮዋ ልጅ ሠርግ ነው። በሥራዋ በኩል ደግሞ «አትንኩ» የመዘግየቱን ምክንያት ፍለጋ ሌላ ዓይነት ብረት አዝዛለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል ተብላለች።