ለአስካለ የሠራሁት ሀብል

ሰው ለወደዳት ልጅ ሀብል ይገዛል፤ እኔ ግን በእጄ ካልሠራሁ ብዬ ተነሣሁ። በንጉሡ ዘመን ነው፤ ቡታጅራ አስተማሪ ነበርኩ። አስካለን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ ብልክ አባቷ «እስቲ እናስብበት» ብለው ሸኟቸው።

ከአንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወዳጄ ቁራጭ የመዳብ ሽቦ ለመንኩ። ድንጋይ ላይ በመዶሻ እየጠፈጠፍኩ፣ ከመሃል ወደ ውጭ እየጠመዘዝኩ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ጠቀለልኩት። አውራ ጣቴን ስንቴ እንደመታሁት አይጠየቅ። አከራዬ እትዬ ወለተ «መምህር፣ የአይጥ ወጥመድ እየሠሩ ነው?» አሉኝ። ቢሆንም በአመድና በሎሚ ሳሸው እንደ ወርቅ አበራ። በእትዬ ወለተ እጅ ላክሁላት።

በሳምንቱ ገበያ ላይ አየኋት፤ አንገቷ ባዶ ነው። በማግስቱ አባቷ አስጠሩኝ። መቼም ሀብሉን ሊመልሱልኝ ነው እያልኩ ሄድኩ።

ቤቱ በጎረቤት ጢም ብሏል። ሁልጊዜ ከመንሾካሾክ በቀር የማያውቀው ራዲዮናቸው ጥርት አድርጎ ዜና ያወራል። ቀና ብል፣ ሀብሌ አንቴናው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል!

«መምህሩ ራሱ የሠራው አንቴና ነው» ይባባላሉ ጎረቤቶች። አስካለ ጓዳው በር ላይ ቆማ ሳቋን በነጠላዋ አፍና ታየኛለች።

አባቷ ዜናው እንዳያመልጣቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«መምህር፣ አስበንበታል። ልጅቷን ውሰድ። ይሄ ግን እዚሁ ይቀራል።»