ድሩ ላይ የቀረው ነጠላ

አርባ ምንጭ ውስጥ ኤርጫፎን የማያውቅ ሰብሳቢ የለም። ስብሰባ ሲጠራ ቀድሞ ይደርሳል፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሲጠፋ እጁን ያወጣል፤ እሑድ ደግሞ ከአምልኮ በኋላ ለኮሚቴ ይቀመጣል። ወንበር ከሰው ቢቆራኝ ኖሮ ከእሱ ይጀምር ነበር።

ይህ ሰው ግን የሸማኔ ልጅ ነው። በትውልድ ቀዬው በገረሴ ልጅ ሳለ፣ አባቱ ታሞ በተኛበት ቀን ሸማ መሥሪያው ላይ ተቀምጦ ማንም ያላሳየውን ጥለት ሠርቶ ጠበቀው። አባቱ አገላብጦ አየና፣ "ይህን እኔ አላስተማርኩህም። የሰጠህን አመስግን" አለው። ኤርጫፎ አመሰገነ። አመስግኖም ትምህርት ቤት ገባ፣ ቢሮ ገባ፣ ስብሰባ ገባ።

አባቱ ሲያርፍ የሸማ ዕቃውን ወርሶ አመጣ። ጓሮው ውስጥ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ሸማኔ እግሩን የሚያስገባበትን ጉድጓድ ቆፈረ። ጎረቤት ሁሉ አደነቀ። ቁፋሮው አለቀና ሥራው ቀረ። "ይቺ ሪፖርት ትለፍልኝና" ይላል። ሪፖርት ደግሞ ትወልዳለች እንጂ አታልፍም።

ልጁ ኑኃሚን ስትታጭ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለመልሷ የምትለብሰውን ነጠላ አባቷ በእጁ እንዲሠራላት፣ ጥለቱንም ከራሱ እንዲያወጣው። ኤርጫፎ ቃል ገባላት። ከዚያ ቢሮ ሄደ።

ሠርጉ ወር ሲቀረው ሰባኪው ስለ ባስልኤል ሰበከ። እግዚአብሔር ያን ሰው በመንፈሱ የሞላው ለእጅ ሥራ ነው፤ ሽመናም አለበት። ኤርጫፎን ወንበሩ ቆረቆረው። ቤቱ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደ። ጉድጓዱ በኮባ ቅጠል ተሸፍኗል። "ሚስቴ ከአቧራ ስትጠብቅልኝ ኖሯል" ብሎ ቅጠሉን ገፋ አድርጎ እግሩን ሰደደ። እግሩ ግን መሬት ሳይነካ በሚያንሸራትት ነገር መሃል ተሰነቀረ።

"አበቡ! ምንድነው ይሄ?"

ሚስቱ አበቡ ከላንቴ መንደር ሙዝ እያመጣች ትነግዳለች። እየሮጠች መጣች፤ የሮጠችው ግን ለሙዙ ነው።

"ቀስ በል! ልትደፈጥጠው ነው? ሊበስል ምንም አልቀረው።"

"በሸማ ጉድጓድ ሙዝ ይበስላል?"

"የኑኃሚን አባት፣ ጉድጓዱን የቀማህ ስብሰባ እንጂ እኔ አይደለሁም። አንተ ከገባህበት ሙዙ የት ይገባል? ካልገባህ ግን ባዶውን አላከርመውም።"

እውነቷን ነበር፤ ያናደደውም ይኸው ነው።

ሙዙ ወጣለትና ከማግስቱ ጀምሮ ገና ሳይነጋ ጉድጓዱ ላይ ይቀመጥ ጀመር። መወርወሪያው ከእጁ እያመለጠ ሲንከባለል አበቡ ከማጀት ሆና ትስቃለች። የመጀመሪያው ጥለት እንደ ቢሮው ሠንጠረዥ ድርቅ ያለ ሆነበት። ፈታው። ደግሞ ሠራ፤ ደግሞ ፈታ። አንድ ማለዳ ግን ቀዩ ክር ከአረንጓዴው ጋር ባላሰበው መንገድ ተያያዘና፣ ያቺ የልጅነት ደስታ መጣችበት። ብቻውን ሳቀ። አበቡም አየችው፤ ያን ቀን እንኳ ሳትተርበው ቀረች።

የሠርጉ ዋዜማ ሲደርስ ነጠላው ገና እኩሌታ ነው። ኤርጫፎን ላብ አጠመቀው። የቀረውን ከገበያ በተገዛ ሸማ ቀጥሎ ሊሰፋው መቀስ ሲያነሳ ኑኃሚን ደርሳ እጁን ያዘችው።

"አባዬ፣ አትቁረጠው።"

"ለመልስሽ ምን ልትለብሺ ነው ታዲያ?"

"ከገበያ እገዛለሁ። ስትጣደፍ አይቼህ ነው ያደግሁት። ይሄን እንኳ አትጣደፍበት።"

መቀሱን አስቀመጠ።

በመልሱ ቀን አክስቷ ልክነሽ ነጠላዋን ዳሰስ አድርገው፣ "የሸማኔ ዘር ሆነሽ የገበያ ነጠላ?" አሏት፤ ሰው ሁሉ እስኪሰማ።

"የአባቴ ገና ድሩ ላይ ነው" አለች ኑኃሚን ቀና ብላ፤ "እየሠራ ነው።"

ኤርጫፎ አንገቱን ደፋ፤ አፍሮ እንዳይመስላችሁ። ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ደመወዝ የበላ ሰው፣ "እየሠራ ነው" ሲባል እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም።